አንድ ርዕስ፣ ሁለት ታሪክ፦ የትኛዋን ናንሲ ላከራይ?

ፎቶኮፒዋ (ቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ደብተር፣ እስክሪብቶ። መብራት ሲጠፋ የሚቀረኝ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። እሱም ቢሆን የሚሸጠው መስከረም ላይ ነው። ስለዚህ መደርደሪያ አሠራሁና መጽሐፍ ማከራየት ጀመርኩ። በሳምንት 20 ብር፣ መያዣ የተማሪ መታወቂያ። መታወቂያ የሌላት እናቷን ይዛ ትመጣለች።

ለገሃር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ደንበኛ አለኝ። «እትዬ፣ ለሴት ልጆች የሚሆን መጥቷል» ብሎ ደወለና አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በጅምላ ሸጠልኝ። ግማሹ የምግብ አሠራርና የኮምፒውተር መመሪያ ነው። የዊንዶውስ 98 መመሪያ የሚፈልግ ካለ በነጻ ይውሰድልኝ። ከሥር ግን ናንሲ ድሩ የምትባል ልጅ መጻሕፍት ወጡ። ጠንካራ ሽፋን፣ ጀርባቸው ቢጫ። አንዱ ብቻ ሰማያዊ ነው፣ ጽሑፉ ብርቱካናማ።

ልጆቹ አበዱላቸው። ከ8ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያሉት ሴቶች ወረፋ ይዘዋል። ናንሲ የጠበቃ ልጅ ናት። እናቷ ሞታለች። የራሷ መኪና አላት። የጠፋ ኑዛዜ ትፈልጋለች፣ ሌባ ትከተላለች፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፉባታል፣ ትወጣለች። የኑዛዜውን ነገር እዚህ ሰፈር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። በካሳ ገንዘብ ወይም በኮንዶሚኒየም ውርስ ያልተጣላ ቤተሰብ ካለ አሳዩኝ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ስለ አሮጌው ሰዓት የሚያወራው መጽሐፍ ሁለት ቅጂ አለኝ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ። አንድ ብሎክ የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞች «አብረን እናንብብ» ብለው አንድ አንድ ወሰዱ። ሲመለሱ ተኳርፈዋል። አንዷ «መጀመሪያ ላይ ጁዲ የምትባል ሕፃን መንገድ ላይ ሮጣ ወጥታ ከድልድይ ትወድቃለች» ትላለች። ሌላዋ «ምንም ሕፃን የለም፣ አንብበሽው አይደለም» ትላለች። አንዷ ድሆቹ እኅትማማቾች ሁቨር ይባላሉ ስትል ሌላዋ ሆርነር ናቸው ትላለች። የናንሲ ዕድሜ እንኳን አልገጠመም። አንዷ 16፣ አንዷ 18።

እኔም ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ ቁጭ አልኩ። ልጆቹ እውነታቸውን ነው። ርዕሱ አንድ፣ ደራሲዋ አንድ፣ ካሮሊን ኪን። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ምዕራፉ እንኳን ሰማያዊው 25፣ ቢጫው 20 ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሰማያዊው ውስጥ ቤት የሚጠብቅ ጥቁር ሰውዬ አለ፣ ጄፍ ታከር የሚባል። ሰካራም አድርገውታል። አነጋገሩንም አጣመውታል። ሌቦቹ ዕቃውን ሙልጭ አድርገው ሲወስዱ እሱ ሰክሯል። ስጨርሰው ደሜ ፈላ። ቢጫው ላይ ግን ጠባቂው አይሰክርም፣ ጥቁርም አይደለም።

እንግዲህ የምታውቁ ንገሩኝ። ካሮሊን ኪን ማን ናት? አንድን መጽሐፍ ለምን ሁለት ጊዜ ጻፈችው? የትኛውንስ ላከራይ? እውነቱን ለመናገር በሰማያዊው ያለችው ናንሲ ትበልጥብኛለች። ሰው አታስፈቅድም። የቢጫዋ ጨዋ ናት፣ በጣም ጨዋ። ግን ያ ሰውዬ አለ። ለልጆች ልስጠው ወይስ መደርደሪያው ላይ አላስቀምጠው?

ጡረተኛው መምህር (ሰበታ)

እኅቴ፣ ሁለቱም ልጆች ልክ ናቸው። ታረቁ በያቸው።

ካሮሊን ኪን የምትባል ሴት የለችም። ኖራም አታውቅም። ስሙ የድርጅት ስም ነው። ረጅም ነገር ነው፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢ። እኔ እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው የኖርኩት፣ ይኼን ታሪክ ስወደው ለጉድ ነው።

ኤድዋርድ ስትራተማየር የሚባል የኒው ጀርሲ ሰው ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1862 የተወለደ። ራሱ የልጆች መጽሐፍ ጸሐፊ ነው። ሐሳቡ ከእጁ በላይ ሆነበት። ታሪክ ያልቃል ብሎ አይፈራም፣ የሚያልቅበት ጊዜው ነው። እናም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንድ ድርጅት አቋቋመ። የታሪኩን ጭብጥ እሱ በጥቂት ገጽ ይነድፋል። ነዳፊው እሱ፣ ጸሐፊው ሌላ። ጸሐፊው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጽፎ ያስረክባል፣ የተቆረጠለትን ገንዘብ ይወስዳል፣ በመጽሐፉ ላይ ምንም መብት እንደሌለው ይፈርማል። ሽፋኑ ላይ የሚወጣው ድርጅቱ የፈጠረው ስም ነው። ጸሐፊው ቢታመም፣ ቢሞት፣ ቢኮርፍ «ደራሲው» አይሞትም። በዚህ መንገድ ከአንድ ሺህ በላይ መጽሐፍ ወጥቷል።

ዋጋው 50 ሳንቲም የአሜሪካን ነበር። ልጅ ራሷ ከኪስ ገንዘቧ የምትገዛው ነገር ማለት ነው። ይኼ ትንሽ ነገር አይምሰልሽ። ከዚያ በፊት የልጅ መጽሐፍ በአብዛኛው የሚገዛው ወላጅ ነበር፣ ወላጅ ደግሞ የሚገዛው ምክር ያለበትን ነው። ልጅ ራሷ ስትገዛ ጀብዱ ትገዛለች። ስለዚህ ለሴት ልጆች እየተከታተሉ የሚወጡ ተከታታይ መጻሕፍት እንደ አሸን ፈሉ። እ.ኤ.አ. በ1910 መኪና የሚነዱ ልጃገረዶች ተከታታይ ወጣ። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ ከገባች ገና ጥቂት ዓመቷ ነው፤ አስቢው። በ1911 በአውሮፕላን የሚበሩ ልጃገረዶች ወጡ። በ1913 ሩት ፊልዲንግ መጣች። ወላጅ የሌላት፣ ከገብጋባ አጎቷ ወፍጮ ቤት የምትገባ ልጅ ናት። ከዚያ ትማራለች፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀይ መስቀል ትገባለች፣ ፊልም ትጽፋለች፣ የራሷን የፊልም ሥራ ትሠራለች። ይኼ ሁሉ የሆነው የአሜሪካ ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ የመምረጥ መብት ባገኙበት በ1920 ዙሪያ ነው።

ሩት 30 መጽሐፍ ደርሳ በ1934 ቆመች። በመሐል አግብታ ነበር፣ ወልዳም ነበር። ከዚያ በኋላ አንባቢዋ ሳሳ ይባላል። ድርጅቱ ከዚህ ትምህርት ወሰደ። ናንሲ ለምን አታገባም፣ ለምን አታረጅም የሚሉ ልጆች ካሉሽ መልሱ ይኸው። እኔ ግን ይኼ ትምህርት አይጥመኝም። በዚያው ዘመን ማርጋሬት ሰተን የምትባል ሴት በራሷ ስም፣ በራሷ እጅ፣ ጁዲ ቦልተን የምትባል መርማሪ ልጅ ፈጥራ ከ1932 እስከ 1967 ድረስ 38 መጽሐፍ ጽፋለች። ጁዲ ታድጋለች፣ ታገባለች፣ ሥራዋንም አትተውም። እንደ ናንሲ ያህል የሚያውቃት የለም።

አሁን ወደ ናንሲ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት ሚያዝያ መጨረሻ 1930 በአንድ ጊዜ ወጡ። ሦስት በአንዴ የሚያወጡት ገበያውን ለመፈተን ነው። ስትራተማየር ሳምንት ከጥቂት ቀን ቆይቶ ሞተ፣ የናንሲን ዝና አላየም። ሥራውን ሃሪየትና ኤድና የተባሉ ሴት ልጆቹ ያዙት። ዓመቱ በኛ አገር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነገሡበት ነው። እቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በማግስቱ ዓመት ነው።

የጻፈቻት ሚልድረድ ዊርት ቤንሰን ናት። አይዋ የምትባል የገበሬ ክፍለ ሀገር ልጅ። ከአይዋ ዩኒቨርሲቲ በ1927 በጋዜጠኝነት ማስተርስ የያዘች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። መጀመሪያ ላይ ለአንድ መጽሐፍ 125 ዶላር ይከፈላት ነበር፣ በቃ፣ ሌላ የለም። ከመጀመሪያዎቹ 30 መጻሕፍት 23ቱን የጻፈችው እሷ ናት። ያቺ አንቺ የወደድሻት፣ ሰው የማታስፈቅድ ናንሲ የእሷ ናት። ድርጅቱ ንድፉን ሰጣት፣ ወኔውን ግን ከራሷ ጨመረችበት። በሁለተኛው መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጂ ናንሲ የአባቷን ሽጉጥ ይዛ ነው ወደ ተንኮለኛው ቤት የምትሄደው። በታረመው ላይ ሽጉጡ የለም።

የማረሙ ነገር እንዲህ ነው። ከ1959 ጀምሮ፣ በሃሪየት መሪነት፣ አሮጌዎቹ አንድ በአንድ እንደገና ተጻፉ። አጠሩ፣ ከ25 ምዕራፍ ወደ 20። ወረቀትና ማተሚያ ተቆጠበ። ዕድሜዋ 18 ሆነ፣ መንጃ ፈቃድ ላይ ጥያቄ እንዳይነሳ። እናቷ በመጀመሪያው ናንሲ 10 ዓመቷ ሳለ ነበር የሞተችው፤ በታረመው ሦስት ዓመቷ ላይ። ትንሽ ይመስላል፣ ብዙ ይለውጣል። የ10 ዓመት ልጅ እናቷ ስትሞትባት ቤት ማስተዳደር ትጀምራለች። የሦስት ዓመቷ ግን ሞግዚት ያሳድጋታል። የአንዷ ደፋርነትና የሌላዋ ጨዋነት ከዚህ ይመስለኛል።

ሌላው ምክንያት ያ ያናደደሽ ነገር ነው። ጥቁሩ ሰካራም፣ አጭበርባሪው የውጭ ሰው። በ1950ዎቹ አንባቢ ወላጆች መጻፍና ማማረር ጀመሩ። ታዲያ እንዴት አረሙት? ጥቁሩን ሰው ክቡር አላደረጉትም። አወጡት። በታረሙት መጻሕፍት ውስጥ ጥቁር ሰው ፈልገሽ ማግኘት ይከብድሻል። ስድቡ ጠፋ፣ ሰውየውም አብሮ ጠፋ።

ስለዚህ «እውነተኛው የቱ ነው» ካልሽ ሰማያዊው ነው፣ ቀድሞ የተጻፈው። የቅጂ መብቱን ገጽ ተመልከቺ። 1930 እና 1959 ሁለቱም ካሉበት የታረመው ነው። ሰማያዊው ከ1991 ወዲህ አሮጌውን ጽሑፍ እንዳለ መልሰው ካተሙት ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ገጹ ላይ ታገኚዋለሽ።

የሶስና አባት (ኮዬ ፈጬ)

እህት ፎቶኮፒዋ፣ እኔ አንባቢ አይደለሁም፣ ሾፌር ነኝ። ልጄ ግን ታነባለች። ቀጥታ ልናገር፣ አሮጌውን አታከራዪ።

ጋሼ መምህሩ ያሉት ሁሉ ትክክል ይሆናል። ግን የኔ ልጅ 12 ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛ የተማረችው «ትልቅ ቋንቋ ነው» እየተባለች ነው። በዚያ ቋንቋ መጀመሪያ የምታገኘው ጥቁር ሰው ሰክሮ ዕቃ ያስዘረፈ ከሆነ ምን ትላለች? አንቺ ትልቅ ሰው ስለሆንሽ ደምሽ ፈላ። ልጅ ደሟ አይፈላም። «እንዲህ ነው» ብላ ታልፋለች። እኔ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ዱባይ ሠርቼ ነው የመጣሁት። እዚያ በቆዳ ቀለም ሰው እንዴት እንደሚመዘን አይቻለሁ። ልጄ ከመጽሐፍ እንድትማረው አልፈልግም።

ቲና 10ኛ ክፍል

ሰላም። እኔ ከተጣሉት አንዷ ነኝ። ሰማያዊውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ታርቀናል፣ ጋሼ አመሰግናለሁ።

የሶስና አባት፣ አክብሬዎት ነው፣ ግን የጄፍ ታከርን አነጋገር መጀመሪያ ጭራሽ አልገባኝም። ፊደሎቹ ጎደሎ ናቸው፣ ቃላቱ ተቆራርጠዋል። የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎኝ ደብተሬ ላይ አስተካክዬ ጻፍኩትና ለእንግሊዝኛ መምህራችን አሳየሁ። መምህሩም አይቶ በቀይ አረመልኝ፤ እሱም ስህተት መስሎታል። በኋላ እትዬ ስታስረዳን ነው ሆን ተብሎ ሰውየውን ለማሳነስ እንደተጻፈ የገባኝ። ያኔ በጣም ተናደድኩ። ደሜ ፈልቷል ማለት ነው።

ሌላ ጥያቄ። ናንሲ በ16 ዓመቷ የራሷ መኪና አላት፣ ቤንዚን አይጨነቃትም፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ አይቶ የሚያውቅ አለ? ፈተና የላትም እንዴ? እኔ እስከ ሳሪስ ለመሄድ እናቴን ሦስት ቀን እለምናለሁ። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ አለ። ሌባ ብከተል እንኳን ወረፋዬ እስኪደርስ ሌባው ናዝሬት ገብቷል። ለነገሩ ፈጣን መንገዱ መግቢያ እዚሁ ስለሆነ ለሌባ ሰፈራችን ይመቻል።

የአያት ልጅ

ሰው ቱሉ ዲምቱ ተቀምጦ ስለ አሜሪካ ሴት ልጅ መኪና ይከራከራል? አማርኛ መጽሐፍ አልቋል? ልጆቹ የራሳቸውን ቢያነቡ ይኼ ሁሉ ጥቁር ነጭ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ፎቶኮፒዋ (ቱሉ ዲምቱ)

የአያት ልጅ፣ ከመደርደሪያዬ ሦስት እጁ አማርኛ ነው። መጥተህ ተከራይ፣ ቅናሽ አደርግልሃለሁ። ግን እስቲ ንገረኝ፣ የ13 ዓመት ሴት ልጅ ዋና ሆና፣ አንዱ ሲያልቅ ሁለተኛው የሚቀጥል፣ በአማርኛ የታተመ ስንት ታውቃለህ? ለትልልቆች ሞልቷል። ለሕፃናት ተረት አለ፣ ጥንቸልና ጅብ፣ ጦጣና አንበሳ። በመሐል ያሉትን፣ ተረት የሰለቻቸውን፣ የፍቅር ልብ ወለድ ደግሞ እናቶቻቸው የሚቀሟቸውን ልጆች ምን ላስነብባቸው? እነሱ ናቸው ናንሲ ላይ የወደቁት። የሚጽፍ ካለ እኔ ሻጭ እሆናለሁ፣ ሽፋኑንም ላሚኔት አደርጋለሁ።

ጋሼ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያነበብኩትን ሁሉ ለባሌ ተረኩለት። ያቺ ሚልድረድ ግን አሳዘነችኝ። በ125 ዶላር ሸጣ ቀረች ማለት ነው? ማንም ሳያውቃት?

ጡረተኛው መምህር (ሰበታ)

ለረጅም ጊዜ አዎ። ግን ታወቀች፣ ያሳወቃትም ፍርድ ቤት ነው።

ድርጅቱ መጽሐፉን ለሌላ አሳታሚ ሊሰጥ ሲል የድሮው አሳታሚ ከሰሰ። ክርክሩ በ1980 ኒው ዮርክ ተሰማ። ናንሲን ማን ጻፈ የሚለው ነገር ሲነሳ ሚልድረድ ለምስክርነት ተጠራች። ያን ጊዜ 75 ዓመት ሊሞላት ነው። ሃሪየት በሕዝብ ዘንድ «ካሮሊን ኪን እኔ ነኝ» እያለች ነበር የቆየችው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተገለጠ። ሚልድረድ ኦሃዮ ውስጥ ቶሌዶ ከተማ ጋዜጠኛ ነበረች። አውሮፕላን ማብረርም ተምራለች። በ2002 በ96 ዓመቷ እስክትሞት ድረስ ለጋዜጣው መጻፏን አላቆመችም። አሳዛኝ ብለሽ አትጨርሺያት። በሌላ በኩል ግን ውሉን ስትፈርም የተቀበለችው ያቺኑ ገንዘብ ነው፣ ፍርድ ቤቱም የመጽሐፉን ገቢ አልሰጣትም።

የአያት ልጅ፣ አንተን እንዲሁ አላልፍህም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የማን ታሪክ ነው? የሴት ልጅ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ዋና ባለታሪኳ ጦቢያ ናት። ወንድሟ ዋሕድ ርቆ ሄዶ ሲቀር፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ወጣች። በወንድነቷ ያመነች የንጉሥ ዘመድ እስክታፈቅራት ድረስ! በፈረንጅ አቆጣጠር 1908 መሆኑ ነው። ናንሲ ልትወለድ 22 ዓመት ይቀራታል። ጉዳዩ የጀመርነውን አለመቀጠላችን ነው። ጦቢያ ሁለተኛ መጽሐፍ አልወጣላትም።

የሶስና አባት፣ ሥጋትዎ እውነተኛ ነው፣ አልከራከርዎትም። ለ12 ዓመት ልጅ ብቻዋን አልሰጥም። ግን ቢጫውንም ቢሆን «ንጹሕ ነው» ብዬ አልሰጥም። እሱ ውስጥ እኛ ጭራሽ የለንም። አለመኖርም አንድ ነገር ያስተምራል። ደግሞ እነዚህን መጻሕፍት የተቃወሙ ሰዎች ሁሉ ለልጆች ሲሉ አልነበረም። በ1914 የአሜሪካ ቦይ ስካውት (የወንድ ልጆች ማኅበር) የመጻሕፍት ኃላፊ እነዚህን ርካሽ መጻሕፍት የወንድ ልጆችን አእምሮ ያፈነዳሉ ብሎ በመጽሔት ጽፏል። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ለዐሥርት ዓመታት ናንሲንና መሰሎቿን ከመደርደሪያ አገለሏቸው። በጄፍ ታከር ዓይነት ሰዎች ላይ ስለሚሠራው ግፍ ግን ያን ጊዜ ብዙም ሲተነፍሱ አልተሰማም። ያስፈራቸው ጀብዱው ነበር። ሴት ልጅ ብዙ ደስ ካላት ትበላሻለች የሚል ፍርሃት ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ እኅቴን ልብ ወለድ ስታነብ ያገኟት መምህር ያሉት እሱኑ ነበር።

ዳውንሎድ (ለገጣፎ)

በአጭሩ ልግባ። ፎቶኮፒዋ፣ ሰማያዊው አንድ ብቻ ከሆነ እንዳያልቅብሽ። በ1930 የወጡት የናንሲ መጻሕፍት አራት ናቸው፣ የመጀመሪያው ጽሑፋቸው በአሜሪካ ከጥር 1፣ 2026 ጀምሮ ከቅጂ መብት ነጻ ሆኗል። የ1959ኙ ግን ገና አልሆነም፣ የታረመው ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ። ሩት ፊልዲንግ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ከረጅም ጊዜ በፊት ነጻ ወጥተዋል፣ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባል የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ታገኚያቸዋለሽ። ስልክ ላይ ይነበባሉ። እኔ ለእኅቴ የመጀመሪያውን አውርጄላት የወፍጮውን አጎት «እንደ አከራያችን ነው» እያለች ነው።

ግን ሩት ላይም ተጠንቀቂ። ያ ዘመን ያ ዘመን ነው። ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦችና ስለ ጥቁሮች የሚጻፈው አንዳንዱ ያሳፍራል።

የሶስና አባት (ኮዬ ፈጬ)

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። «እኛ ጭራሽ የለንም» ያሉት ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ቃሊቲ መናኸሪያ ተራዬን ስጠብቅ ሳስበው ነበር። ግን አሁንም ልጄ ብቻዋን እንድታነበው አልፈልግም። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛዬ የመንገድ ምልክት ነው። እንዴት አብሬያት ላንብብ?

ፎቶኮፒዋ (ቱሉ ዲምቱ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ ወስኛለሁ።

ቢጫዎቹ እንደነበሩ ይከራያሉ። ሰማያዊው ከ9ኛ ክፍል በታች ላለች ልጅ አይወጣም፣ ከሱቅ ግን አላስወጣውም። የምትወስደዋ ልጅ መጀመሪያ ከእኔ ጋር ስለ ጄፍ ታከር ታወራለች፣ ወንበር አለኝ። ብዙ አላወራም፣ ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንደዚያ እንዳናገሩት፣ በኋላም እንዴት እንዳጠፉት። ከዚያ ራሷ ታንብብ። ቢጫውንም አብራ እንድትወስድ በአንድ ኪራይ ሁለቱን እሰጣለሁ። ልጆች ልዩነት መፈለግ ይወዳሉ። ቲናና ጓደኛዋ አሁን የጎደለውንና የተጨመረውን በእርሳስ እየዘረዘሩ ናቸው፤ ደብተሩን ከእኔ ነው የገዙት፣ ገበያም ነው።

የዳውንሎድን ምክር በከፊል እቀበላለሁ። ሙሉ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አላደርግም። ቶነሩ ከመጽሐፉ ይወደድብኛል። የሩት ፊልዲንግን ግን የመጀመሪያ ምዕራፍ አትሜ በር ላይ ለጥፌያለሁ። «ቀጣዩን ከውስጥ ጠይቁ» ብዬ። ያ የስትራተማየር ሰውዬ ምዕራፉን የሚጨርሰው ልክ ነገሩ ሲጦፍ ነው። አንዲት ልጅ ቆማ አንብባ ስትጨርስ «እና?» ብላ ገባች። ነጋዴነቱን አደንቃለሁ፣ ለሚልድረድ የከፈላትን ግን አይደለም።

የሶስና አባት፣ እንግሊዝኛ አያስቸግርዎት። ሶስና ታንብብ፣ እርስዎ ያዳምጡ፣ በአማርኛ ትንገርዎት። ጄፍ ታከር ጋ ስትደርስ እርስዎ ዱባይ ያዩትን ይንገሯት። ያን ከእርስዎ በላይ የሚያስረዳት መምህር የለም።

የሶስና አባት (ኮዬ ፈጬ)

እሺ። ቅዳሜ ከሰዓት ወደዚያ መስመር ስለምሠራ ብቅ እላለሁ። ሰማያዊውን አስቀምጪልኝ። መጀመሪያ ለኔ አንድ ሰው ያንብብልኝ፣ ከዚያ ለልጄ።

ቲና 10ኛ ክፍል

ይቅርታ፣ ሰማያዊው እኔ ጋ ነው። ለማወዳደር እንደገና ወስጄዋለሁ፣ ገና ምዕራፍ 14 ላይ ነኝ። ከፈለጉ ቅዳሜ ሱቅ መጥቼ የጄፍ ታከርን ክፍል አነብልዎታለሁ፣ ግን መጽሐፉን እስከ ሰኞ አልመልስም።